ስታምፕ ኮንክሪት በግቢ ውስጥ፦ ከአፈር ቁፋሮ እስከ እድሳት

ስታምፕ ኮንክሪት የሚሠራው ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት ላይ ቀለም በትኖ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የእንጨት ቅርጽ ያለው ማተሚያ ጎማ በመጫን ነው። በአዲስ አበባ መኖሪያ ግቢዎች ከኮብልስቶንና ከቴራዞ ጎን ለጎን እየተለመደ መጥቷል። በወጉ የተሠራው ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። በጥድፊያ የተሠራው ግን አንድ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥርም ያንሸራትታል።

የቤት ባለቤትና ባለሙያ ሲነጋገሩ ጊዜው የሚያልቀው በቅርጹና በቀለሙ ምርጫ ላይ ነው። የሕትመቱ ሥራ ግን የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ጉዳይ ነው። ወለሉ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስኑት ከሥሩ ያለው አፈር፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የገባው የውሃ መጠንና ስንጥቁን የሚመሩት የመቁረጫ መስመሮች አቀማመጥ ናቸው። ገንዘብዎንና ትኩረትዎን በቅድሚያ ለእነዚህ ያውሉ። ለሁለቱም የማይበቃ በጀት ካለዎት ስፋቱን ይቀንሱ እንጂ ከሥር የሚገባውን አይቀንሱ።

ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን ከበረንዳ ፊት ለፊት ያለ 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ መቀመጫ ቦታ፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር፣ እንውሰድ። ይህን ያህል ስፋት አምስት ሰዎች በአንድ ቀን አፍስሰው ሊያትሙት ይችላሉ። ቦታው ከዚህ በጣም የሚሰፋ ከሆነ ከፋፍሎ በተለያየ ቀን መሥራት ይሻላል፤ ኮንክሪት ሰው አይጠብቅም።

ወቅትና ሰዓት

ሥራውን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያቅዱ። ክረምት ላይ ገና ያልታተመ ኮንክሪት ላይ ዝናብ ቢወርድ ቀለሙም ገጹም ይበላሻል። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ ሰፊ ሸራ ሳያዘጋጁ አይጀምሩ።

የበጋው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩም ደረቅ ነው። ነፋስ ሲጨመርበት የኮንክሪቱ ገጽ ውስጡ ገና ጭቃ እያለ ከላይ ይደርቃል። ስለዚህ ማፍሰስ የሚጀመረው በማለዳ ነው፤ ከተቻለም በፀሐዩ በኩል ሸራ ይወጠራል።

አንደኛ፦ አፈሩን መለየት

በቦሌ፣ በአቃቂና በሌሎችም ሜዳማ ሰፈሮች የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት መሬት እርሱ ነው። እርጥብ አፈር ቆንጥረው በመዳፍዎ መካከል ሲያንከባልሉት ሳይቆረጥ እንደ ክር ከቀጠነ መረሬ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ቀይ አፈር በአብዛኛው የሚታመን ነው።

በቀይ አፈር ላይ የተክል ሥር ያለበትን የላይኛውን አፈር አንሥተው ከሚፈለገው የመጨረሻ ገጽ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፍሩ። ከዚህ ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትሩ የገረጋንቲ፣ 10 ሴንቲ ሜትሩ የኮንክሪት ነው። መኪና የሚቆምበት ከሆነ ኮንክሪቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቁፋሮውም በዚያው ልክ ይጨምር።

በመረሬ ላይ ግን ይህ አይበቃም። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል መረሬውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራ ስሕተት አለ፦ ጉድጓዱን ውሃ በቀላሉ በሚያሳልፍ ልቅ ድንጋይ ወይም በቀይ አሸዋ መሙላት። በዙሪያው ያለው መረሬ ውሃ ስለማያሳልፍ የዝናቡ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከሥርና ከጎን ያለውን አፈር እያራሰ ያሳብጠዋል። ጥሩ ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ የሚተሳሰርና ውሃ በቀላሉ የማያስገባ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ወለሉ አጠገብ የሚያፈስስ ከሆነም ቱቦ ቀጥለው ያርቁት። ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ በመረሬ ላይ የተሠራን ወለል ከመኪና ክብደት በላይ ይጎዳል።

ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ከላይ ብቻ አይጠቀጠቅ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየነጠፈ፣ መጠነኛ ውሃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ንብርብር በኮምፓክተር ይጠቅጠቅ። በቂ መሆኑን ለማወቅ የጫማዎን ተረከዝ አጥብቀው ይርገጡበት፤ ምልክት የሚተው ከሆነ ገና ነው።

ሁለተኛ፦ ተዳፋትና ጠርዝ

ወለሉ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በምሳሌያችን ከበረንዳው እስከ ውጭኛው ጠርዝ 5 ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የታተመ ገጽ ጎድጓዳ መስመሮች ስላሉት ውሃ እንደ ልስልስ ወለል ቶሎ አይወርድበትም፤ ከዚህ የቀነሰ ተዳፋት ኩሬ ያስቀራል። በቤቱ በኩል ያለው ከፍታም ከበረንዳው ደፍ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ልኩን በቱቦ ውሃ ልክ ወስደው ሲባጎ ይወጥሩ።

ጠርዙን በጣውላ ይዝጉና ከኋላ በችካል ያጽኑ። ጣውላው ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅበት ሲቀባ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይጠቀሙ፤ ጣውላው ሲነሣ የሚታየውን ጎን ያጠቁራል።

ወለሉ ከቤቱ ግድግዳ፣ ከምሰሶና ከማንሆል ጋር በሚገናኝበት ሁሉ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ያስገቡ። ወለሉ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይንቀሳቀሳል፣ ቤቱ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ተጣብቀው ከተሠሩ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ብረት በተመለከተ፣ ሰው ብቻ ለሚራመድበት 10 ሴንቲ ሜትር ወለል ቀለል ያለ የሽቦ መረብ ይበቃል። ለመኪና ግን 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘርጉ። ብረቱ መሬት ላይ ተኝቶ ከቀረ ጥቅም የለውም፤ ከስሚንቶ በተሠሩ ትንንሽ መደገፊያዎች ከፍ ብሎ ወደ ውፍረቱ መካከል መግባት አለበት። ብረት ስንጥቅን አያስቀርም፤ የተሰነጠቀውን አጥብቆ ይይዛል።

ከሥር ላስቲክ ማንጠፍ ለውጭ ወለል አያስፈልግም። እንዲያውም ውሃው ወደ ታች መሄጃ ስለሚያጣ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል፣ የሕትመቱን ሰዓትም ያዛባል። ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት ገረጋንቲውን ውሃ ሳይቋጥር ማርጠብ በቂ ነው።

ሦስተኛ፦ ኮንክሪቱ

የሚፈለገው ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው። በእጅ ሳጥን ሲለካ 1 ለ2 ለ3 ይሆናል። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ማለት ነው። 30 ካሬ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 3 ሜትር ኩብ ነው፤ ለብክነት 10 በመቶ ሲጨመር 3.3 ይሆናል። ለዚህ 24 ከረጢት ስሚንቶ፣ ከ1.7 ሜትር ኩብ ያላነሰ አሸዋና 2.6 ሜትር ኩብ ጠጠር ያዘጋጁ።

ጠጠሩ 02 የሚባለው ትልቁ መጠን ብቻ ከሆነ ማተሚያው ሲጫን ትልልቁ ጠጠር ወደ ገጹ ቀርቦ ቅርጹን ያበላሻል። ደቀቅ ያለው 01 ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይሻላል። አሸዋው ጭቃ እንዳይበዛበት በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል፦ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ በአሸዋ ሞልተው ውሃ ጨምረው በደንብ ይናጡት፣ ከዚያም ለሦስት ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው የደለል ንብርብር ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ) ስሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ደግሞ ዘግየት ስለሚል ለማተም ፋታ ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ኖራውን ስለሚይዝለትም በኋላ ነጭ ጨው የማውጣት ዕድሉ ያነሰ ነው። ልምዱ ገና ለሆነ ቡድን ፒፒሲን እመርጣለሁ፤ ውሃ የማጠጣቱ ጊዜ ግን ረዘም ማለት አለበት። የትኛውንም ቢመርጡ ሁለቱን በአንድ ወለል ላይ አያፈራርቁ፤ የገጹ ቀለም ይለያያል።

አሁን ወደ ውሃው። ለአንድ ከረጢት ስሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ጣሪያው ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። በየሥራ ቦታው ሠራተኛ ለመግፋት እንዲቀልለው በባልዲ ውሃ ይደፋል፣ በሚለካ ነገር የሚጨምር ጥቂት ነው። ትርፉ ውሃ ሲተንን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ ኮንክሪቱ ይደክማል፣ ገጹም በመጥረጊያ ሲጠረግ አቧራ የሚያወጣ ይሆናል። ከማደባለቂያው አጠገብ ልኩ የታወቀ ጀሪካን ያስቀምጡና ውሃው በእርሱ ብቻ እንዲገባ ያድርጉ። በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ ይህንን ይፈጽሙ።

በረዶ ባለበት አገር ለምትኖሩ፣ ለምሳሌ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ኮንክሪቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ጥቃቅን አየር እንዲይዝ ከፋብሪካው ማዘዝ ግዴታ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ የአየር ከረጢቶቹ ለዚያ ቦታ ይሰጡታል። በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ማቅለጫ ጨው ወለሉ ላይ አይበትኑ፤ አሸዋ ይበትኑ።

አራተኛ፦ ማፍሰስና ቀለም መበተን

ኮንክሪቱን ያፍስሱ፣ በቫይብሬተር ወይም በዘንግ እየወጉ አየሩን ያስወጡ፣ ቀጥ ባለ ጣውላ ሲባጎውን ተከትለው ያስተካክሉ፣ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማለስለሻ ገጹን ይዝጉ። ከዚያ ይቁሙ። ጥቂት ቆይቶ ገጹ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ የወጣው ውሃ ነው። እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃው እያለ ማለስለስም ሆነ ቀለም መበተን ቀጭን ደካማ ቅርፊት ይፈጥራል፤ ያ ቅርፊት በኋላ ብቻውን ይነሣል። ውሃውን ለማድረቅ ደረቅ ስሚንቶ መነስነስም ከሊሾ ሥራ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚህ አይሠራም።

ቀለም በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው የብረት ኦክሳይድ ቀለምን ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ መቀላቀል ነው። መጠኑ ከስሚንቶው ክብደት እስከ 5 በመቶ ድረስ ይሄዳል፣ ከ10 በመቶ ግን ፈጽሞ አያልፍም። ጠርዙ ቢፈረፈር እንኳ ከሥሩ ያው ቀለም ይወጣል፤ ነገር ግን መልኩ ደብዘዝ ያለ ነው። ሁለተኛው ገጹ ላይ የሚበተን ቀለም ያለው ማጠንከሪያ ዱቄት ነው፤ ስሚንቶ፣ ጠንካራ ደቃቅ አሸዋና ቀለም የያዘ ነው። ብሩህ ቀለምና እግር የማይበላው ገጽ ስለሚሰጥ ለግቢ እርሱን እመክራለሁ። በየትኛውም መንገድ ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ፤ ለግድግዳ ቀለም የሚሠሩ አንዳንድ ማቅለሚያዎች በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይነጣሉ።

ማጠንከሪያው ለአንድ ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌያችን 90 ኪሎ። ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 60 ኪሎውን፣ በመጀመሪያ ዙር ከነፋሱ በኩል ቆመው ዝቅ ካለ እጅ ወደ ፊት እየወረወሩ በስሱ ይበትኑ። ዱቄቱ ከሥር እርጥበት ስቦ ሲጠቁር በእንጨት ማለስለሻ ያስገቡት። ሳይጠቁር የቀረ ቦታ ካለ ይጠብቁት እንጂ ውሃ አይርጩበት። ቀሪውን 30 ኪሎ በሁለተኛው ዙር በትነው በብረት ማለስለሻ ይዝጉ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ የአፍንጫ ጭንብል፣ የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ እርጥብ ስሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል።

አምስተኛ፦ ማተም

ማተሚያዎቹን ከአንድ ቀን በፊት በደረቅ መሬት ላይ ደርድረው ቁጥር ይስጧቸው። ጎማው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ስፋት ለአንድ ረድፍ 9 ይፈልጋል፤ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ለመሻገር 3 ሲጨመር 12 ይሆናል። ከዚያ ባነሰ ቁጥር መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን እያነሡ እየጣሉ ሰዓት ይባክናል። ለግድግዳ ጥግና ለምሰሶ ዙሪያ ደግሞ የሚታጠፍ ስስ ጎማ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ሥራ መስመር የሌለውን ሸካራ የድንጋይ ቅርጽ ይምረጡ። የጡብ ቅርጽ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲዛባ ከሩቅ ይታያል።

ሰዓቱ የሚለካው በጣት ነው። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው አውራ ጣትዎን ይጫኑ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ጥርት ያለ ምልክት ከተወ፣ ጭቃውም ጣትዎ ላይ ካልተጣበቀ ደርሷል፤ ሸክላ ሠሪ ለመቅረጽ ያዘጋጀችውን ጭቃ የመሰለ ስሜት አለው። ጠርዙ ላይ ብቻ መፈተሽ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ጠርዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠነክራል። ፀሐይ ያረፈበት ከጥላው፣ ቀድሞ የፈሰሰው ከኋለኛው ይቀድማል። የማተሙ ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተል።

አሁን ማላቀቂያውን ዱቄት ይበትኑ፤ ለካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም፣ በጠቅላላው ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ። ጎማው እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ በጎድጓዳው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት ደግሞ ጥላ የመሰለ ሁለተኛ ቀለም ይሰጣል። ስለዚህ ከመሠረቱ ቀለም ጠቆር ያለ ይምረጡ። ማላቀቂያው በስስ ነገር ግን ሳይዘለል ይዳረስ፤ የተዘለለች የመዳፍ ያህል ቦታ ጎማውን ይዛ ገጹን ትነቅላለች።

የመጀመሪያውን ረድፍ በሲባጎ አቅንተው ጎማዎቹን ጎን ለጎን ያለ ክፍተት ያስቀምጡ። አንድ ሰው ላያቸው ላይ ይራመዳል፣ ሌላው በእጅ መጠቅጠቂያ ቀጥ ብሎ ይመታል። ጎማው የሚነሣው ከአንድ ጎን ቀስ ተብሎ ነው፤ በአየር መምጠጥ ስለሚይዝ በድንገት ከተሳበ ቅርጹን ይዞ ይመጣል። መስመር የሌለው ቅርጽ ሲሆን ጎማዎቹን በየረድፉ እያዞሩ ያስቀምጡ፣ ተመሳሳይ ድንጋይ ተደጋግሞ እንዳይታይ። በሁለት ጎማ መካከል ጭቃ ተጨምቆ ከወጣ ገና ለስላሳ እያለ በትንሽ መሮ ያስተካክሉት።

ኮንክሪቱ ከእጅ እያመለጠ ከሆነ ውሃ አይርጩ። ጥልቅ ቅርጹን ትተው ቀሪውን በስሱ ጎማ ሸካራ ገጽ ብቻ ይስጡት። ግማሹ ጥልቅ ግማሹ ጥልቀት የሌለው ወለል ከተሰባበረ ገጽ ይሻላል፣ ቀለሙም ልዩነቱን በአብዛኛው ይሸፍነዋል።

ስድስተኛ፦ መቁረጥ፣ ማጠብ፣ ማቆየት

ኮንክሪት ሲደርቅ መሰብሰቡ አይቀርም። የመቁረጫ መስመር ስንጥቁ እርስዎ በመረጡት ቦታ እንዲሄድ ያደርገዋል። ርቀቱ ከውፍረቱ ከ24 እስከ 30 እጥፍ ነው፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ከ2.4 እስከ 3 ሜትር። ምሳሌያችን በመካከሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሲቆረጥ 2.5 በ3 ሜትር የሆኑ አራት ክፍሎች ይሆናል። ጥልቀቱ የውፍረቱ ሩብ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የማንሆል ወይም የምሰሶ ጥግ ካለ መስመሩ በዚያ ጥግ እንዲያልፍ ያድርጉ።

የሚቆረጠው ከተፈሰሰ ከ6 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዲስኩ ጠጠር ሳይነቅል መቁረጥ ሲችል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ማግሥቱ ጧት ይገፋል። ብዙዎች ቅርጹን ላለማበላሸት ብለው መቁረጡን ይተዉታል፤ ወለሉ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ባሻው መንገድ ይቆርጠዋል። በተቻለ መጠን በቅርጹ መስመር ላይ ካስኬዱት ለዓይን አይጎረብጥም።

ማላቀቂያው ዱቄት ከ2 እስከ 3 ቀን ገጹ ላይ ይቆይ። በዚያ ጊዜ ወለሉን ከፀሐይና ከነፋስ በተወጠረ ሸራ ይከልሉ፤ ላስቲክ ገጹን ነክቶ ከተኛ በነካበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ከዚያ በመጥረጊያ ጠርገው በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያጥቡ፣ በጎድጓዳው ያለው ጥላ እስኪቀር ብቻ። ከታጠበ በኋላ ወይ የእርጥበት ማቆያ ኬሚካል በስሱ ይረጫል፣ ወይም ወለሉ ሳይደርቅ ለ7 ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ ለ10 እና ከዚያ በላይ ቀን፣ በእኩል ይርሳል። ጧት አርሶ ቀትር ላይ ማድረቅ ነጭ ጨው ያስወጣል። መኪና 28 ቀን እስኪሞላ አያስገቡ።

ሰባተኛ፦ ሲለር

ሲለር ወለሉ ላይ የሚቀባ መከላከያ ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙን ያጎላል፣ ዘይትና ውሃ እንዳይገባ ይከላከላል። የሚቀባው ከ28 ቀን በኋላ ነው። ከመቀባቱ በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አራቱን ጎን በፕላስተር አጣብቀው ለ16 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሡት ጠብታ ካለበት ወይም ሥሩ ከጠቆረ ውስጡ እርጥብ ነውና ይጠብቁ። ነጭ ጨው ካለም አስቀድሞ መነሣት አለበት፤ ከሲለር በታች ከተቀበረ በቀላሉ አይወጣም።

አክሪሊክ ሲለር በአንድ ሊትር 5 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለሁለት ቅብ 12 ሊትር ይያዝ። ሁለት ስስ ቅብ እንጂ አንድ ወፍራም አይሁን። በቀትር ፀሐይ ከተቀባ ይፈላና አረፋ ይቋጥራል፤ ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ይቀባል። በሁለተኛው ቅብ ላይ ማንሸራተት የሚከላከል ደቃቅ ዱቄት መቀላቀልዎን አይርሱ። በክረምት በእርጥብ ሲለር ላይ የሚወድቁት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸውና ይህን እንደ አማራጭ አላየውም።

ያረጀውን ማደስ

አስቀድመው ወለሉን ያዳምጡ። በብረት ዘንግ ጫፍ ቀስ እያሉ እየመቱ ይዙሩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው፣ ባዶ ጣሳ የመሰለ ድምፅ ደግሞ ገጹ ከሥሩ መላቀቁን ያሳያል። የተላቀቀውን ቦታ በጠመኔ ያክቡ። ከዚያ ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመጠጠውና ካጠቆረው ሲለሩ አልቋል። በተለመደው አጠቃቀም አክሪሊክ ሲለር በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ይታደሳል።

ሲለሩ ማለቁ ብቻ ከሆነ ችግሩ ሥራው ቀላል ነው፦ በሳሙና ማጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅና አንድ ስስ ቅብ መቀባት። ግን አሮጌውና አዲሱ መስማማት አለባቸው። በማይታይ ጥግ ላይ ዛይሊን በተባለ ማሟሟቻ ፈሳሽ የራሰ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያስቀምጡ፤ ገጹ ለስልሶ ከተጣበቀ አሮጌው በዛይሊን የሚሟሟ አክሪሊክ ስለሆነ ተመሳሳዩ ይይዝለታል። ካልለሰለሰ ሌላ ዓይነት ነውና ተነሥቶ እንደ አዲስ መቀባት ይሻላል።

ሲለሩ ነጭ ጉም የመሰለ ከሆነ ከሥሩ እርጥበት ታፍኗል ወይም ቅቡ ወፍሯል ማለት ነው። አክሪሊክ ከሆነ ደረቅ በሆነ ቀን ዛይሊን በስሱ በሩሎ ሲቀባ ሲለሩ እንደገና ይሟሟል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም ጉሙ ይጠፋል። ዛይሊን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ በአካባቢው ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃና የጄነሬተር ብልጭታ እንዳይኖር፣ መተንፈሻ ጭንብልም አይለይዎት።

ከሲለር ውጭ የሆነ ነጭ ጨው ከውስጥ የወጣ ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ነው። ስስ ከሆነ በኮምጣጤና በብሩሽ ይለቃል። ወፍራም ከሆነ አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ20 እጅ ውሃ ይበረዝ፤ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ወለሉን አስቀድመው ያርጥቡ፣ በትንሽ ቦታ ይሞክሩ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡ።

የደበዘዘ ቀለም ቀለም በተቀላቀለበት ሲለር ይመለሳል። ይህን ሲያደርጉ በጥልቁ መስመር ያለውን ጥላ እንዳይሸፍኑት፣ ቀጭን ቅብ ይጠቀሙ።

ስንጥቅን በተመለከተ ምክሬ ይህ ነው፦ እንደ ፀጉር የቀጠነውን አይንኩ። በስሚንቶ ከደፈኑት ከስንጥቁ ይልቅ ድፍኑ ይታያል። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በአየር አጽድተው በተለጣጭ ፖሊዩረቴን ማሸጊያ ሞልተው ገና ሳይደርቅ የወለሉን ቀለም ዱቄት ይነስንሱበት። የስንጥቁ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ችግሩ ከሥር ነው፤ ከላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቅርጽ የሌለውን አሮጌ የኮንክሪት ወለል ወደ ስታምፕ መለወጥም ይቻላል። ፖሊመር የተቀላቀለበት ስስ ሙሊት ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተነጥፎ ይታተማል። ከዚያ በፊት አሮጌው ገጽ በግራይንደር ተፍቆ፣ ዘይቱ ወጥቶ፣ ማጣበቂያ መቀባት አለበት። በአሮጌው ወለል ላይ ያሉት የመቁረጫ መስመሮች በአዲሱም ላይ በዚያው ቦታ ይቆረጡ፤ በአሮጌው ያለ ስንጥቅም በአዲሱ ላይ ተከትሎ ይወጣል። ባዶ ድምፅ በሚበዛበት ወለል ላይ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

አንድ ክፍል ሰጥሞ ወይም አብጦ ከሆነ ከመቁረጫ መስመር እስከ መቁረጫ መስመር ያለውን በሙሉ ሰብረው ያውጡ፣ የሥሩን አፈር እንደ አንደኛው ደረጃ ይለውጡ፣ እንደ አዲስ አፍስሰው ያትሙ። የአዲሱ ክፍል ቀለም ከጎረቤቱ ጋር መጀመሪያ አይመሳሰልም። 28 ቀን ሲሞላው አሮጌውንም አዲሱንም በአንድ ቀን፣ በቀለሙ በተመሳሰለ ሲለር አብረው ይቀቡ።